ረቢው ሲፈርም፣ እኛ ስናትም

ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ ቦሮ ፓርክ የሚባል ሰፈር አለ። ሃሲዲክ የሚባሉ ብዙ አጥባቂ አይሁዶች ይኖሩበታል። ቅዳሜ ጠዋት አንዷ እናት ልጇን በጋሪ እየገፋች ወደ ምኩራብ ትሄዳለች። ጎረቤቷ ደግሞ ልጇ ገና ስላልተራመደ ቤት ትውላለች። ሁለቱም አጥባቂዎች ናቸው። የለያያቸው ረቢዎች፣ ማለትም የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን፣ ለሕግ ጥያቄ የሚጽፉት የመልስ ደብዳቤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአይሁድ ሕግ በሰንበት ከቤት ወደ አደባባይ ዕቃ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ቁልፍም ቢሆን፣ የጸሎት መጽሐፍም ቢሆን። ሰፈሩ ዙሪያውን በምሰሶና በሽቦ ከታጠረ ግን እንደ አንድ ግቢ ሊቆጠር ይችላል። ይህን ኤሩቭ ይሉታል። ቦታው እውነተኛ የሕዝብ አደባባይ ከሆነ ግን ሽቦ አይበቃም። የሕዝብ አደባባይ የሚባለው ስንት ሰው ሲኖርበት ነው? ብዙዎቹ 600,000 ይላሉ፤ ከግብፅ የወጡት እስራኤላውያን ቁጥር መሆኑ ነው። እሺ፣ 600,000 በአንድ ጎዳና ነው ወይስ በመላው ከተማ? እዚህ ላይ ተለያዩ።

የኒውዮርኩ ታላቅ ሊቅ ሞሼ ፋይንስታይን ብሩክሊን ላይ ኤሩቭ አይሆንም ብለው ጽፈው ፈረሙ። ሃሲዲኩ ረቢ መናሼ ክላይን ይሆናል ብለው ጽፈው ፈረሙ። ፋይንስታይን በ1986፣ ክላይን በ2011 አረፉ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክርክሩ ግን አላረፈም። የሁለቱም መልስ በመጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል። ሰው የራሱን ረቢ ይከተላል።

እኔን የገረመኝ ጥብቅነቱ አይደለም። ጥብቅነትማ እኛም ቤት ሞልቷል። የገረመኝ የደብዳቤው አጻጻፍ ነው። ረቢው ከታልሙድ፣ ከጥንታዊው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፣ ይነሳል፣ የጥንት ሊቃውንትን ይጠቅሳል፣ የሚቃወመውን ሐሳብ ራሱ ያነሳል፣ ከዚያ ይወስንና ስሙን ያሰፍራል። ሌላው ደግሞ ተነሥቶ እዚህ ጋ ተሳስተሃል ሊለው ይችላል። የእኛ አገር የቢሮ ደብዳቤ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ይልና ውሳኔው ዱብ ይላል። ምክንያቱ? የለም። ፊርማው ተነበበ አልተነበበ ማንም ግድ የለውም። ክብ ማኅተሙ ከደበዘዘ ግን ጉድ ይፈላል።

የሰንበት ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ብዙ ተሰደዋል። በመጨረሻ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሁለቱም ሰንበት ይከበሩ አሉ፣ አለቀ። ብሩክሊን ላይ እንዲህ የሚቆርጥ ንጉሥ የለም።

ታዲያ የነሱ ሁሉ ያማረ አይደለም። ዊሊያምስበርግ በተባለው ሌላው የብሩክሊን ሰፈር በዚሁ ኤሩቭ ሰበብ ጎረቤት ከጎረቤት ተሰዳድቧል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የውግዘት ወረቀትማ አያድርስ ነው። በዚህ በኩል የእኛ የነፍስ አባት ይሻለኛል። ለነፍሰ ጡሯ "ግድ የለም ልጄ፣ አንቺ ብዪ" ይሏታል። ሌላ ሰው አይሰማም፣ ሰፈሩም አይታመስም።

ፊርማ የወገኖቻችንን ዕጣ የነካበትም ጊዜ አለ። በ1973 የእስራኤል ሰፋርዲዎች (መነሻቸው ስፔንና የምሥራቅ አገሮች የሆኑ አይሁዶች) ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ጻፉ። ዝም ብለው አላሉም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የነበሩትን የረቢ ዳዊት ቤን ዚምራን መልስ ጠቅሰው ነው። በ1975 አይሁድ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ለቤተ እስራኤልም ሠራ። ያው የኤሩቩ ፋይንስታይን ግን በ1984 በጻፉት ደብዳቤ አይሁድነታቸው ላይ ጥርጣሬ ስላለ ወደ አይሁድነት የመለወጥ ሥርዓት ይፈጸም አሉ። በዚያው ደብዳቤ ደግሞ በቆዳቸው ጥቁረት የሚያርቋቸውን ነቀፉ።

የእስራኤል ረቢዎች ቢሮም የዚህ የመለወጥ ሥርዓት ክፍል የሆነውን የውኃ ጥምቀት ካልፈጸሙ ጋብቻ የለም ሲል፣ በ1985 ቤተ እስራኤሎች ኢየሩሳሌም ላይ ቢሮው ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀመጡ። አይሁድ ናችሁ የሚል፣ ስምና ማስረጃ ያለው ወረቀት ነበራቸው። እኛ ቀበሌ ሄዶ "አይቻልም ተባልኩ" ብሎ የሚመለስ ሰው ማን እንዳለውና ለምን እንዳለው እንኳ አያውቅም።