ወለሉ የእርስዎ፣ ጣሪያው የኔ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳ የማን እንደሆነ የሚታወቀው እንደ ቀኑ ነው። ቴሌቪዥን ሊሰቀልበት ሲሆን "በገዛ ግድግዳዬ ማን አገባው?" ይባላል። የተሰነጠቀ ዕለት ያው ግድግዳ የጋራ ይሆናል። ኮሚቴ ይጠራበታል።

ዕጣው የደረሰን ጊዜ ይህን ያሰበ አልነበረም። እልል አልን፣ ዘመድ ጠራን፣ ቁልፍ ተረከብን። በሩን ስንከፍተው ሴራሚክ የለ፣ ቀለም የለ። ፊኒሺንጉ የራሳችን ነበር። ሁሉም በየፊናው ሠራተኛ ቀጠረ። አንዱ ኪችኑን በረንዳ ላይ አወጣው። ሌላው መኝታ ቤቱን አፍርሶ ሳሎኑን አሰፋ። ሻወር ቤቶች ሁሉ ሴራሚክ ለበሱ። ከሴራሚኩ ሥር ውኃ የሚከለክል ነገር መቀባት እንዳለበት ግን ትዝ ያለው የለም። ደግሞስ ሴራሚክ እንግዳ ያየዋል፣ ሥሩን ማን አይቶ ያደንቃል?

የሚያየው የታችኛው ጎረቤት ነው። እኔ ማለት ነው።

በእኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ የእኔም ጣሪያ የሚያፈሰው በፈረቃ ነው። ውኃ በሌለበት ቀን እንዳልነካ ሰው ጭጭ ይላል። ለኮሚቴው አመለከትኩ። እሑድ ከሰዓት መጡ። ሰብሳቢው ወንበር ላይ ወጥተው ጣሪያውን በጣታቸው ዳበሱት።

"ደረቅ ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ሌሊት ቢመጡ ያዩታል።"

"አንተ ልጅ፣ በእኩለ ሌሊት ሰው ቤት ጣሪያ ልዳብስ ልምጣ?"

ቃለ ጉባኤው ላይ "በአካል ታይቶ ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል" ተብሎ ሰፈረ። በዚያው ሌሊት መኝታ ቤቴ ውስጥ ካስቀመጥኩት ሳፋ ተሰማ፤ ጠብ፣ ጠብ።

ከፍሳሹም የባሰ አለ፤ የተረሳ ቧንቧ። አንዱ ነዋሪ ጠዋት ቧንቧውን ይከፍታል፣ ውኃ የለም፣ ክፍቱን ትቶት ይወጣል። ያን ዕለት ውኃው ሳይታሰብ ቀን ይመጣል፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ማታ ሲመለስ ምንጣፉ ዋና ላይ ነው፣ የታችኛው ሰው ደግሞ በር ላይ። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ግልጽ ይመስላል። "ዘግቼው ነው የወጣሁት፣ ማርያምን!" የሚለውን መሐላ ግን የሚሰማ ዳኛ ገና አልተሾመም።

ሕጉን አነበብኩት። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። በስምህ የተያዘው ቤት የአንተ ነው፤ የቀረው ሁሉ የጋራ ነው። የራስህን አንተ ትጠግናለህ፣ የጋራውን ማኅበሩ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። ችግሩ ውኃው አዋጁን አላነበበም። የላይኛው ሴራሚክ የላይኛዋ ነው፣ የእኔ ቀለም የእኔ ነው። በመሀል ያለው ኮንክሪት ደግሞ የጋራ ነው። ውኃው ሦስቱንም አቋርጦ ሳፋዬ ላይ ያርፋል። በየትኛው ድንበር ላይ ይያዝ?

ወደ ላይ ወጣሁ።

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ከሻወር ቤትዎ ውኃ እየወረደብኝ ነው።"

"ውይ በሞትኩት! ግን ልጄ፣ እኔ ተከራይ ነኝ።"

"ተከራይ ነኝ" የሚለው ንግግር ስንቱን ሰው ከወጪ እንዳዳነ ቢቆጠር! ደግሞ ሴትየዋ አልዋሹም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይን በርና መስኮት፣ የወለል ንጣፍና ቧንቧ የመሳሰሉትን ጥቃቅን ነገሮች ጠግን ይለዋል። ወዲያው ደግሞ በእርጅና ብቻ የተበላሸ ከሆነ አይመለከተውም ይላል። ስለዚህ በከተማችን ተከራይ ቤት የሚበላሽ ነገር በሙሉ በእርጅና ነው። ትናንት የተገጠመ መዝጊያ ሳይቀር አርጅቶ ነው። አከራዩም በበኩሉ ውሉ ላይ "እንደተረከብኩት አድርጌ አስረክባለሁ" የምትል ዓረፍተ ነገር አስቀምጧል። ሲያስረክብ የነበረውን ቀዳዳ ግን አልጻፈውም።

አከራዩ ሜሪላንድ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ። እዚህ ያለው ወኪላቸው የሚስታቸው ወንድም ነው። ውክልናው ኪራይ ለመቀበል እንጂ ወጪ ለማውጣት አይበቃም አለኝ። "ለጋሼ ልደውልላቸው?" ስለው "አሁን እዚያ ሌሊት ነው" ይለኛል። ማታ ስደውል "አሁን ሥራ ላይ ናቸው" ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ ሰው ስለ ሻወር ቤት የሚያወራበት ሰዓት ያለ አይመስልም።

በራሴ ወጪ ሳኒተሪ ሠራተኛ አመጣሁ። ገና ሻወር ቤቱን ከማየቱ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። "ይሄን የሠራው ማነው?" ሳኒተሪም በሉት፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ሥራ የሚጀምረው ከሱ በፊት የሠራውን በመሳደብ ነው። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ፤ ሴራሚኩ ይሰበራል። ሴትየዋ ደነገጡ። ወኪሉ የበለጠ ደነገጠ። "ይሄ ሴራሚክ እኮ አሁን ገበያ ላይ የለም!"

መካከለኛ ሐሳብ የመጣው ከኮሚቴው ነው። "ለምን ከታች በኩል ጥሩ ቀለም አይቀባም?" ውኃው ከላይ፣ መድኃኒቱ ከታች፣ ሒሳቡ ከእኔ።

በመጨረሻ እትዬ ቡና አፈሉና ሰው ሰበሰቡ። ፈንዲሻው እየተበላ ለሰዓታት ተከራከርን። በሦስተኛው ስኒ ስምምነት ተደረሰ። የእጅ ዋጋ በእኔ፣ ሲሚንቶና ሲፎን በአከራይ፣ ቡና በተከራይ፣ ማኅበሩ ደግሞ "ሞራላዊ ድጋፍ" ያደርጋል። ወኪሉ ደረሰኝ ካልመጣ አልከፍልም አለ። ሳኒተሪው ደረሰኝ ሲባል ተቆጣ፤ ሰው ሲያምነው እንጂ ሲመዘግበው ኖሮ አያውቅም። ሲሚንቶውንም እኔ ገዛሁ። "ከኪራዩ ተቀንሶ ይሰጥሃል" ተባልኩ። ከየትኛው ወር ኪራይ እንደሆነ አልተነገረኝም።

ወለሉ ተሰበረ፣ ቧንቧው ተቀየረ፣ ሥሩ ተቀባ። ጠብታው ቆመ። ለተሰበሩት ሴራሚኮች ምትክ ፍለጋ መርካቶን ዞርን። "የሚመሳሰል" የተባለው ተገዛ። ነጩ ወለል መሀል ላይ አራት ቡናማ ሴራሚኮች ገቡ። ወኪሉ ፎቶ አንስቶ ወደ ሜሪላንድ ላከ። ይህን ጊዜ መልስ ለመምጣት ሰዓት አልመረጠም። በድምፅ ነው የመጣው፤ ወኪሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሁላችንንም አሰማን።

"የሻወር ቤቴን መልክ ያበላሸው ማነው? ወጪውን ይክፈል!"