መጀመሪያ መጋዝ፣ ከዚያ "ለምን አይመታም?"

ኧረ ወገን፣ ዛሬስ በቃኝ! ያው ሰውዬ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ይዞት የመጣው 91/30 ሞሲን ናጋንት የሚባለውን የድሮ የሩስያ ወታደራዊ ጠመንጃ ነው። በርሜሉ በመጋዝ ተቆርጧል፣ ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ተልጦ ቫርኒሽ ጠጥቷል፣ ሬሲቨሩ (መቀርቀሪያው የሚገባበት ብረት) ተበስቶ የማነጣጠሪያ መነጽር ተሰቅሎበታል። ከ100 ሜትር አምስት ጥይት ሲተኮስበት ግን የድስት ክዳን ያህል ቦታ ላይ ይበተናል። "ድሮም የሩስያ ቆርቆሮ!" ይላል ደግሞ።

"ከመነካካትህ በፊት እንዴት ነበር የሚመታው?"

"አልሞከርኩትም።"

"የበርሜሉን ውስጥ ለክተኸዋል?"

"ጠመንጃ እኮ ነው ጌታዬ፣ የወርቅ ሥራ አይደለም!"

የቆመው ሁሉ ሳቀ። እሺ፣ ሳቁ። ማይክሮሜትር የያዘ ሞኝ፣ መጋዝ የያዘ ባለሙያ የሆነው ግን ከመቼ ወዲህ ነው?

የጠመንጃው ስም ላይ ያለው "7.62" የሚለው ቁጥር የቦዩን፣ ማለትም በርሜሉ ውስጥ እየተጠማዘዘ የተቆረጠውን መስመር፣ ስፋት አይናገርም። ሞሲን የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ 7.90 ወይም 7.92 ሚሊሜትር የሆነ እርሳስ (ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ራስ) ነው፣ አንዳንዱ በርሜል ከዚያም ይሰፋል። እናንተ 7.82ቱን ትጭኑበታላችሁ! እርሳሱ ቦዩን በደንብ አይነክስም፣ ጋዙ በጎን ያመልጣል፣ ከዚያ ስድቡ ለፋብሪካው። መለካቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይቶ መቀርቀሪያውን ማውጣት፣ ከቦዩ ትንሽ የሚወፍር ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል ዘይት ቀብቶ ከአፈሙዙ በኩል መግፋት፣ ከኋላ ሲወጣ ሰፊ ቦታውን መለካት። ሞሲን 4 ቦይ ስላለው ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ይቀላል። ባለ 5 ቦዩ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሊ ኤንፊልድ ላይ ግን ተራ ማይክሮሜትር ይዋሻል፤ ቦይ ከቦይ ፊት ለፊት አይገጥምማ።

ቆይ፣ ያ መቀርቀሪያ አልከፈት ሲለው በእንጨት የሚደበድበውስ? የመጋዘን ግራሶ እኮ ነው! ጥይቱ የሚቀመጥበት ጉሮሮ ውስጥ የቀረው ግራሶ በርሜሉ ሲሞቅ እንደ ሙጫ ቀለሁን ይይዘዋል። ነጭ ጋዝ፣ የናስ ብሩሽ፣ ደጋግሞ መወልወል፣ በእርግጥ ከእሳት ርቆ። በቃ። ዱላ ምን አመጣው?

የጨውም ነገር አለ። የድሮ ወታደራዊ ጥይት መቀስቀሻው ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይተዋል፣ ያ ደግሞ ከአየር እርጥበት ስቦ ብረት ይበላል። የሚያሟሟው ውሃ ነው፣ የፈላ ቢሆን ይመረጣል፣ ቶሎ ስለሚደርቅ። ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። የመስታወት ማጽጃ የሚነፉት አሞኒያው ጨው የሚገድል ይመስላቸዋል፤ የሠራው ውስጡ ያለው ውሃ ነው! ዘይት ብቻ ቀብቶ የሚያስቀምጥማ ጨውን በዘይት አሽጎ ይተኛል።

አፈሙዙስ? እርሳሱ መጨረሻ የሚለቀው ጠርዝ ነው። ጠርዙ በአንድ ጎን ከተጎዳ ጋዙ በዚያ ጎን ቀድሞ ያመልጥና እርሳሱን ያንጋድደዋል። የብረት መወልወያ ዘንግ ለዓመታት ከፊት በኩል ሲገባበት ያልቃል፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ሞሲን ጫፉ ከውስጥ በጥቂቱ ሰፍቶ የሚገኘው፣ ያለቀውን ክፍል ጥገና ቤቱ አስፍቶ ስላስወገደው። አሁን ደግሞ በመጋዝ! በብዙ አገር ትንሹ የበርሜል ርዝመት በሕግ የተወሰነ መሆኑን ተዉት፣ በእጅ የተቆረጠ ጫፍ ቀጥ አይልም። ቶርኖ ላይ ቢታረም ነው የሚሻለው። ለትንሽ ጭረት ብቻ ከሆነ ክብ ራስ ያለው የናስ ብሎን በዝግታ በሚዞር ድሪል፣ የቫልቭ መፍጫ ቅባት ቀብቶ፣ ድሪሉን እያዟዟሩ፣ በርሜሉ ውስጥ ጨርቅ ወትፎ። ቅባቱ ወደ ውስጥ ከገባ ቦዩንም ይፈጫል።

ደግሞ "በርሜሉ እንጨት እንዳይነካ አድርገው" የሚሏት ነገር ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ሆናለች። ለብዙ ጠመንጃ ልክ ነው፤ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መሀል ሳይያዝ ማለፍ አለበት። ቁጥር 4 ሊ ኤንፊልድ ግን አፈሙዙ ጋ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው እንጨት ሆን ተብሎ የተሠራለት ነው። እሱን ፍቀህ "ተበላሸብኝ" ማለት ምን ይሉታል?

ብረቱ ሰደፉ ላይ በልኩ እንዲያርፍ የሚያፈሱት ኢፖክሲ ሙጫ ላይማ አልናገርም። እሺ እናገራለሁ። ብረቱ ሁሉ በሰም ካልተቀባ፣ የብሎን ቀዳዳውና ክፍተቱ በሸክላ ጭቃ ካልተደፈነ ጠመንጃውና ሰደፉ ለዘላለም ይጋባሉ። ግፊቱን የሚቀበለው ጉጥ ከፊት፣ ከጎንና ከሥር አንድ ሁለት ዙር ቴፕ ይለጠፍበታል፣ የኋላ ፊቱ ብቻ እንዲያርፍ። ብሎኑን በኃይል አለማሰር፣ 24 ሰዓት አለመነካካት። ይኼ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ብሎኖቹ ላልተው እንደሆነ በካቻቢቴ ማየት ነበር፤ በነፃ ነው!

ምላጩን በሞረድ ስለሚያለሳልሱት ብናገር ደም ግፊቴ ይነሳል። የጠነከረው የላይኛው ቆዳ ስስ ነው፣ እሱ ከተላጠ ጠመንጃው ሲደናቀፍ ራሱ ይተኩሳል። ምላጩ ራሱ ይለቅ እንደሆነ ለማየት ባዶውን አቀባብሎ ሰደፉን ወፍራም ጎማ ላይ መታ መታ ማድረግ ማንን ገደለ?

ይኸን ሁሉ ዘርዝሬ ጨረስኩ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ አሰበ፣ አሰበና "እና መነጽሩን ተለቅ ባለ ልቀይረው ትላለህ?"

ቀይር ጌታዬ። ቀይር።