እዚህ እንባ፣ እዚያ ቁጣ

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ለንደን ውስጥ ከየሱቁ የማይጠፋ ዘፈን አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ተብሎ የተቀዳው ነው። «ገና መድረሱን ያውቁ ይሆን?» እያለ ስለ እኛ ይጠይቃል። በላሊበላ ቤዛ ኵሉ እየተዘመረ ልደት የሚከበርበትን አገር! በየዓመቱ ያናድደኛል። ግን ዘፋኞቹን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ስለ እኛ ያወቁት ከቴሌቪዥን ነው፣ በተለይም ከአንድ አጭር ፊልም።

ያ ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ያስተላለፈው ዘገባ ነው። ያቀረበው ማይክል በርክ፣ የቀረፀው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ኮረም ላይ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል። ብርድ፣ ጭስ፣ ሜዳ ላይ የተኮራመተ ሕዝብ። ተራኪው የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ እያየ እንደሆነ ይናገራል። በዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ረሃቡ የሰው እጅ የሌለበት የሰማይ መዓት ሆነ። ሰሜኑ ግን ያኔ የጦር ሜዳ ነበር። ደርግም ከወር በፊት አዲስ አበባን አሸብርቆ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አክብሯል። ተመልካቹ ይህን ከየት ይወቀው? በዘገባው ውስጥ አንድም ኢትዮጵያዊ አይናገርም። የሚሰማው የጋዜጠኛውና የአንዲት የውጭ አገር ሐኪም ድምፅ ነው።

በቀጣዩ ሐምሌ ለረሃብተኞቹ ገንዘብ ለማሰባሰብ ለንደን ዌምብሊ ስታዲየም የተዘጋጀው ኮንሰርት፣ ላይቭ ኤይድ፣ መጣ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ ሰዓቱን ለፊልም ሰጠ። የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረፃቸው የረሃብ ምስሎች ታዩ፤ በላያቸው ላይ የአንድ የአሜሪካ ባንድ ዘገምተኛ የፍቅር ዘፈን ተጭኖ። ዘፈኑ ስለ ረሃብ አንድም ቃል የለውም። ሰዉ ግን አለቀሰ፣ የሚለግሰውም ገንዘብ በአንዴ ጨመረ። ገንዘቡ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው።

የፊልም ተማሪዎች ይህን አሠራር ገና በመጀመሪያው ዓመት ይማሩታል። ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ፤ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቾቹ ሰውዬው ተራበ፣ አዘነ፣ ተመኘ ብለው ትወናውን አደነቁ ይባላል። ትርጉሙን የፈጠረው ሰውየው አይደለም፤ ሁለቱን ምስሎች ያገናኘው መቀስ ነው።

እኛ አገር ደግሞ መቀሱ ዙፋን ገልብጧል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርፆ በብሪታንያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንግሊዞች አይተው አዘኑ፣ ገንዘብ አዋጡ። ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ እንደገና አቀናበረው። በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣና ለውሻ ሥጋ የሚሰጡትን ንጉሥ አስገባ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የተራቡት እነዚያው የወሎ ሰዎች ናቸው። የለንደኑ ተመልካች «ምን ልስጥ?» አለ። የአዲስ አበባው «ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለ። የእኛ ሰው ጥያቄ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ረሃቡ በእርግጥ ተደብቆ ነበር፣ ቁጣውም ተገቢ ነበር። ግን ጥያቄውን የጠየቀውም መልሱን ያዘጋጀውም ያው ፊልም ነው። ግብዣውና ረሃቡ እውነት ቢሆኑም ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሥልጣን ሊይዝ የተዘጋጀ አካል ነበር። ያው አካል ከአሥር ዓመት በኋላ በዓሉ እንዳይበላሽበት ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ከለከለ።

ዛሬ መቀሱ በየስልኩ ውስጥ ነው። አገር ቤት የሚሠሩትን የእርዳታ ቪዲዮዎች እዚህ በቴሌግራም እንቀባበላለን። የታመመች እናት፣ የሚያለቅስ ልጅ፣ ከሥር ዋሽንት። እንባችን ይመጣል፣ ገንዘቡም ይላካል። እኔም እልካለሁ፤ ወደፊትም እልካለሁ። ግን ብዙዎቹ የተሠሩት በዚያው በዌምብሊው መንገድ ነው፤ አሁን ካሜራውን የያዝነው እኛው ብንሆንም። ሴትየዋ አፏን ስትከፍት አቅራቢው ይቀድማታል። ዕንባዋ በዝግታ ተደጋግሞ ይታያል። ለምን ሕክምና እንዳጣች፣ ባሏ የት እንደገባ፣ ቤቷን ማን እንዳፈረሰባት ሳንሰማ ያልቃል።

አንድ ነገር ሞክሩ። ድምፁን አጥፉና ቪዲዮውን ድገሙት። ዋሽንቱ ሲወጣ ሌላ ነገር ይታያል፤ የክፍሉ ግድግዳ፣ ካሜራውን የምትሸሽ ልጅ፣ መቀረፅ ያልፈለገ ሽማግሌ።

ቪዲዮ ለምትሠሩ እህት ወንድሞቼም ልመና አለኝ። ሙዚቃውን ቀንሱና ሴትየዋን አናግሯት። ፊቷ እንዲታይ ትፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቋት። ከፈቀደች ምን ሠርታ ትኖር እንደነበር፣ ምን እንደደረሰባትና ምን እንደሚያስፈልጋት ራሷ ትንገረን። ሦስት ደቂቃ ቢረዝም ግድ የለም፤ እናዳምጣለን።