ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ

ኧረ የሰዓት ነገር! ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። 3 ሰዓት ቀድሞ ቦሌ ለመገኘት ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ ሰኞ ማታ ከ2 ሰዓት በፊት መነሳት ይሻላል። ጓደኛ ተብዬው ግን ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ብቅ ይላል! በረራው ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው እኮ።

ቅቤውስ? ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከዚህ የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ይወረሳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ግን በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ በላይ አያልፍማ።

በርበሬን በአንድ ስስ ፌስታል የሚቋጥር ሰውስ? ሻንጣ ሲወረወር ይፈነዳል፣ የሁለት ሰው ነጭ ሸሚዝ ቀይ ወጥ ይመስላል። ፌስታል መደረብና በፕላስተር ማሸግ ምን ያቅታል?