ካንዴላ ያለው እና ስፓርክ ፕላግ ያለችው

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት፣ አንዲት አሮጌ ኮሮላ እየተንቀጠቀጠች ወደምሠራበት ጋራዥ ገባች። ባለ ካርቡሬተር ናት፤ ኮምፒውተር ሰክተው ችግሯን የሚያነቡላት ዓይነት አይደለችም። ሁለት ልጆች መደብኩላት። አንዱ በ13 ዓመቱ ጋራዥ ገብቶ ቁልፍ በማቀበል የጀመረ፣ አሁን 22 ዓመት የሞላው ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ከ6ኛ ክፍል አቋርጧል። ሌላዋ በአውቶሞቲቭ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እኛ ጋ ከተቀጠረች ሦስት ወር አልሞላትም ነበር።

ልጁ ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ገመዶቹን በጨርቅ እየያዘ አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። የመጀመሪያውን ሲነቅለው የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ መልሶ ሰካው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲነቅለው ድምፁ ንቅንቅ አላለም። «ሦስተኛው ሲሊንደር ሞቷል፣ ከአራቱ በሦስቱ ነው የምትሠራው» አለ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። ካንዴላውን ቀየረ፤ ያው ነው። ገመዱን ቀየረ፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ እጁ ወደ ካርቡሬተሩ ሄደ፤ «ይፈታ» አለ።

ያን ጊዜ ልጅቷን አየኋት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። የሆነ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ይላቀቅና ተመልሶ ይገጥማል። «ምን አሰብሽ?» ስላት «ምንም» አለችኝ። ደግሜ ስጠይቃት፣ ለመስማት ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ፤ «ኮምፕሬሽኑን ብንለካውስ?» አለች፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ማለቷ ነው።

ለካን። ሦስተኛው የሌሎቹን ግማሽ እንኳን አልሞላም። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋ እንደገና ለካች፤ አልጨመረም። «የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ግፊቱ ይጨምር ነበር። ስላልጨመረ ቫልቩ ነው» አለች። ቴስታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ወረደ፤ ቫልቩ ተቃጥሎ ተገኘ።

ሥራው ሲያልቅ ለብቻዋ ጠራኋት። ለካስ ልጁ ሦስተኛውን ገመድ ከነቀለበት ደቂቃ ጀምሮ ምን መደረግ እንዳለበት ታውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ «ከተሳሳትኩስ ብዬ ነው» አለችኝ።

ይህችን መልስ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ ነስታኛለች። ቀጣሪዎች ስንገናኝ ሁልጊዜ የምናነሳው አንድ ወሬ አለ፤ «የዘንድሮ ተመራቂ ምንም አያውቅም» የሚል። እኔም ብያለሁ፤ ያውም ብዙ ጊዜ። አሁን ግን ትክክል አይመስለኝም። ልጅቷ ታውቃለች። ያልተማረችው ስህተትን ከሰው ፊት ማውጣትን ነው። እንዲያውም ተምራለች ማለት ይሻላል፤ 16 ዓመት ሙሉ ስህተትን መደበቅ ተምራለች። ሰውን የሚቀርጸው የተማረው ነገር ብቻ አይደለም፤ በሚማርበት ጊዜ ሲሳሳት የደረሰበት ነገር ጭምር ነው። የዛሬው ጽሑፌም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚሠራጭ፣ ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ስንማር የቆየን ነን። ፕላዝማው ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትሰጥና ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። እኛ ጥያቄውን ወደ ደብተር ገልብጠን ሳንጨርስ ደቂቃው ያልቃል፤ እሷም «ጎበዞች!» ብላ መልሱን ትነግረናለች። ማንም ግን አልመለሰም። ክፍሉ ውስጥ ያለው የእኛ መምህር በሩ አጠገብ ቆሞ ያያል፤ ቢናገር ትምህርቱ ያመልጠናል፣ ዝም ቢል አይገባንም። ፊዚክስ ያስተማረኝ ሰውዬ በደህና ጊዜ ጠመኔ ይዞ ቢያስረዳን ኖሮ ምን ያህል ሰው ይወጣን ነበር እያልኩ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ማሽኑን ማስቆም አይቻልም፣ መጠየቅ አይቻልም፣ «አልገባኝም» ማለት አይቻልም። ስህተታችንን እንኳን የሚያይልን አልነበረም። የኔ ትውልድ ከሞላ ጎደል እንደዚህ ሆኖ ነው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነጥቤ መሰናዶ አላስገባኝም። ወደ ቴክኒክና ሙያ ተላክሁ። «ተላክሁ» ያልኩት በምክንያት ነው። ያኔ ሙያ የሚገባው የወደቀ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ እናቴ ለጎረቤት የት እንደገባሁ ለመናገር ታፍር ነበር። ያ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል፤ ለሙያ ያለን ንቀት ግን አብሮት አልቀረም። በኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ለ40 ሰልጣኝ አንድ ሞተር ነበር። እሱም እንዳይበላሽ ተብሎ የምንፈታው በመምህሩ ፊት፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቦታ ነው። እንዳይበላሽ የሚጠበቅ ሞተር ላይ ጥገና መማር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ አጎቴ ልለፍ። አጎቴ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የቆዩ ናቸው። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ሲነግሩኝ ከሁሉ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ተማሪው የግዕዝ ግስ ያጠናል፣ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ነገር ግን የሰማውን መልሶ በማነብነብ ብቻ ከቅኔ ቤት አይወጣም። ብቻውን ጥግ ይዞ፣ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር አጠገብ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን የራሱን ቅኔ ያስባል። ከባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ይሄዳል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ወይም የመምህሩ ረዳት ለሆነው ለአስነጋሪው ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰምና ወርቁ ካልተገናኘ እዚያው ጓደኞቹ ፊት ይታረማል። በነጋታው ደግሞ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። «ሳይሳሳት ቅኔ የሚያውቅ የለም፤ ዕለት ዕለት መታረም ነው ትምህርቱ» ይሉኛል አጎቴ።

አጎቴ ቀለል አድርገው አያወሩትም። ውሻ የነከሳቸው እግራቸው ላይ ጠባሳው አለ፤ ለምኖ ማደሩ፣ ረሃቡ፣ አለንጋው ነበረ። ሴት ልጅ ደግሞ በዚያ ደጃፍ እምብዛም አልደረሰችም። ያንን መልሰን እናምጣ የሚል ሰው ካለ እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ገና ያላለቀ ሐሳብ ይዞ ሰው ፊት መቆም አያፍርም። አጎቴ በ74 ዓመታቸው፣ ስለማያውቁት ስለ ሞባይል እንኳን «እኔ እንዲህ ይመስለኛል፣ እረመኝ» ይሉኛል። ይህችን «እረመኝ» የምትለዋን ቃል ከአንድም የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ጋራዡም የራሱ ቅኔ ቤት ነው። ቋንቋውን ልብ በሉ፦ ካንዴላ፣ ቴስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ። አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። በአምስቱ ዓመት ወረራ ከመጡትና ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከከፈቱት ጣሊያኖች፣ ቁልፍ የሚያቀብሏቸው የእኛ ልጆች በጆሯቸው የያዙት ነው። ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልገባም፣ ሥርዓተ ትምህርት አልተቀረጸለትም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ ተላልፎ እዚህ ደርሷል። የኔው ልጅ ድምፅ ሰምቶ የሞተውን ሲሊንደር የሚለየውም በዚሁ መንገድ ከመጣ እውቀት ነው። ኮሌጁ ደግሞ ካንዴላን ስፓርክ ፕላግ፣ ፍሪሲዮንን ክላች፣ ጓርኒሲዮንን ጋስኬት፣ ኩሽኔታን ቤሪንግ ይላል። ልጅቷ በገባች ሰሞን ልጁ «ፍሪሲዮኑን አውርጂው» ሲላት የት እንዳለ ጠፋት። እሱም «ክላች ፕሌቱ ነው እንዴ?» ስትለው ዝም አለ። አንድ መኪና ሥር ተኝተው ሁለት አገር ነበሩ።

የጋራዡንም ጉድለት አልሸፍንም። ልጁ የመጀመሪያ ሁለት ዓመቱን ያለ ደመወዝ፣ መኪና ውስጥ እያደረ ነው ያሳለፈው። ጆሮው ላይ የወረደ ጥፊ ብዙ ነው። ቤንዚን ባፉ ስቦ ሆስፒታል ገብቶ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «ለምን» የሚል ጥያቄ ሲያነሳ «ሥራህን ሥራ» ነው የተባለው። በዚህ ምክንያት ካንዴላና ገመድ ቀይሮ ካልሠራለት የሚቀጥለውን በግምት ይፈታል፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው። ስህተትን አይፈራም፤ ከስህተቱ የሚማርበት መላ ግን አልተሰጠውም።

አሁን ደግሞ ወደ ቁጥሩ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። አገሩ ደነገጠ። ግማሹ መንግሥትን፣ ግማሹ መምህራንን፣ ግማሹ ወጣቱን ወቀሰ። ከአሃዙ በስተጀርባ ያለውን ልማድ ግን ብዙም አላነሳነውም። ለዓመታት ልጆቻችን መልስ ማለት ከሌላ ሰው የሚገኝ ነገር ነው ብለው አደጉ። ከፕላዝማው፣ ከጎን ከተቀመጠው፣ ፈተናው ዋዜማ በቴሌግራም ከሚላከው። በራሱ አእምሮ ፈልጎ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ መልስ ላይ የደረሰ ልጅ ስንት ነው? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለዚህ ነው። ፈተናውን ማጥበቅ ተገቢ ነበር፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ፈተና ያጋለጠውን የሚያክመው ፈተና አይደለም።

አረሙም በሥራ ቦታ ብቅ ይላል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል አይታችሁ ይሆናል። ልጅቷ የተቀጠረችው በእሱ ነው። ተማሪ ሆና ለተግባር ልምምድ አንድ ድርጅት ተልካ ነበር። ምን እንደሠራች ስጠይቃት ግምጃ ቤት ውስጥ ዕቃ ስትቆጥር እንደከረመች ነገረችኝ፤ መጨረሻ ላይ ቅጹ ላይ ማኅተም ተመታላት። አጠገቧ ሆኖ የሚያርማት አንድም ሰው አልተመደበላትም ነበር። እኛም ጋራዥ ብዙ ሰልጣኝ መጥቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ወለል ጠርጎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሄዷል። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የኛም ስለሆነ ነው። ማኅተሙ ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚያች ኮሮላ በኋላ እኛ ጋ የተለወጠው ጥቂት ነገር ነው። ሁለቱን አብረው እንዲሠሩ ቋሚ አደረግኋቸው። ከአሮጌ ብረት ነጋዴ አንድ ሞተር ገዝተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አውቄ አበላሸዋለሁ፤ እነሱ ፈልገው ያገኙታል። ማንኛውንም ነገር ከመፍታታቸው በፊት ሁለቱም «እንዲህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም» ብለው ጮክ ብለው መናገር አለባቸው። የመጀመሪያ ቅዳሜ ልጅቷ ሦስት ጊዜ ተሳስታ ሦስተኛው ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ። በአራተኛው ቅዳሜ ከልጁ ጋር ተከራክራ ረታችው። እሱም የኮምፕሬሽን መለኪያዋን ተውሶ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ፋሻውን ከቫልቭ መለየት በሳምንቱ ያዘው። አሁን ባለ መኪና ሲመጣ «መጀመሪያ እንለካ» የሚለው እሱ ነው።

ለዚህ በጀት አላስፈለገንም። አሮጌው ሞተር የዋጋው ነገር አንድ ባለ ጋራዥ የሚያማርርበት አይደለም። ስለዚህ ቴክኒክ ኮሌጆች ሰልጣኝ አበላሽቶ የሚጠግነው ሞተር እንዲኖራቸው፣ ቀጣሪዎች ለልምምድ ለሚመጣ ልጅ ስሙ የታወቀ አራሚ ሳይመድቡ ማኅተም እንዳይመቱ መጠየቅ የተጋነነ አይመስለኝም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ መምህሩ ትምህርቱን አቁሞ ተማሪው ለምን እንደተሳሳተ የሚያይበት ጊዜ ይሰጠው። በምዕራፍ መጨረሻ ላይ ለመድረስ ተብሎ ግማሹን ክፍል ጥሎ መሄድ ይብቃ።

የምዘናውን ነገር ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። በአገራችን ሥርዓት የትም ተማር የት፣ ሙያውን የያዘ ሰው የብቃት ምዘና፣ እኛ ሲኦሲ የምንለውን፣ ወስዶ ማረጋገጫ ማግኘት ይችላል። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እንደ ልጁ ላሉት ታስቦ የወጣ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ባለፈው ዓመት ተመዝኗል። የተግባሩን ክፍል አለፈ፤ በጽሑፉ ወደቀ። ጥያቄዎቹ ውስጥ ያሉት የዕቃ ስሞች የኮሌጁ ስሞች ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት በእጁ የያዘውን ካንዴላ ወረቀት ላይ አላወቀውም። መዛኞቹ በቃል ጠይቀውት፣ ወይም ሁለቱንም ስሞች ጎን ለጎን ጽፈው ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድልባቸው ነበር? የሚመለከተው አካል ይህን ያስብበት ዘንድ በግልጽ እጠይቃለሁ፤ ሥራው የአንድ ሰሞን ሥራ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ሁለቱ ልጆች አልጠበቁም። ማታ ማታ እጃቸውን በኦሞ ከታጠቡ በኋላ ልጅቷ የሂሳብ ደብተር ታወጣለች፣ በመሐል ታሰምራለች። እሱ የሚያውቀውን የዕቃ ስም ይነግራትና በግራ በኩል ትጽፈዋለች፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የኮሌጁን ስም ታደርጋለች። ትናንት ስዘጋ አየሁት፤ ስድስተኛ ገጽ ላይ ደርሰዋል። እሷም ራሷ በእርሳስ ከግርጌው ላይ ያልገቧትን አራት የጣሊያን ቃላት ጽፋ አጠገባቸው የጥያቄ ምልክት አድርጋባቸዋለች።