ሰርቨርን በየሌሊቱ ማስነሳት ጥገና አይደለም

ለወራት በሥራ ሰዓት በድንገት እየጠፋ ተመልሶ በሚነሳ ሰርቨር (አገልግሎቱን በሚያስኬደው ዋና ኮምፒውተር) የተነሳ ባለጉዳዮችን «ሲስተም የለም» እያለ ሲመልስ የከረመ አንድ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት ሰሞኑን ማብራሪያ ሰጥቷል። ማብራሪያው እንደሚለው ሎጉ፣ ማለትም ማሽኑ የገጠመውን የሚጽፍበት መዝገብ፣ ተመርምሮ ምንም ዓይነት የሃርድዌር ብልሽት አልተገኘም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ተጭኗል፤ የመብራት መቆራረጥም ለችግሩ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከእንግዲህ ሰርቨሩ በየሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በፕሮግራም ሪስታርት እንዲደረግ ተወስኗል። ውሳኔውን የፈረመው ሰው በቅንነት አስቦ ይሆናል። ውሳኔው ግን ከላይ እስከ ታች ስህተት ነው፤ ተመሳሳይ ማሽን ለሚያስተዳድሩ ሌሎች ባለሙያዎችም መጥፎ አርአያ ስለሚሆን በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ከሁሉ የሚያስቆጣው ሎጉ ላይ ምንም ስላልተገኘ ሃርድዌሩ ጤነኛ ነው የሚለው ድምዳሜ ነው። ይህን የሚል ባለሙያ ሎግ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚጻፍ ቆም ብሎ አላሰበም። ሎጉን የሚጽፈው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ የሚኖረው በፕሮሰሰሩ፣ በሜሞሪውና በዲስኩ ላይ ነው። ለማሽኑ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ሲደክም ምን እንደሚሆን እንመልከት። ክፍሎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ የሚሰጠው የ12 ቮልት መስመር ከ5 በመቶ በላይ እንዲዋዥቅ አይፈቀድም፤ ማለትም ከ11.4 ቮልት መውረድ የለበትም። ሥራ በበዛበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲስብና የደከመው ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁን ይዞ መቆየት ሲያቅተው፣ «ኃይሉ ደህና ነው» እያለ ለማዘርቦርዱ ሳያሰልስ የሚልከውን ምልክት ያቋርጣል። ማዘርቦርዱም ምልክቱ እንደተቋረጠ ፕሮሰሰሩን በዚያው ቅጽበት ከሥራ አውጥቶ እንደገና ያስጀምረዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ነው። አንዲት መስመር ለመጻፍ ጊዜ የሚያገኝ ፕሮግራም የለም፤ ተጽፎ የነበረ እንኳ ቢሆን ወደ ዲስክ ሳይደርስ ሜሞሪ ላይ እንዳለ ይጠፋል። የራሱን ሞት መዝግቦ የሚሞት ማን አለ?

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማሽኑን የጣለው ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ አሻራውን የመተው ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው። ዊንዶውስ በራሱ ስህተት ሲወድቅ ሰማያዊውን ገጽ ያሳያል፣ የስህተቱን ኮድ ይመዘግባል፣ የሜሞሪውን ቅጂም ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ሊኑክስ ደግሞ እምብርቱ የሆነው ከርነል ሲወድቅ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር፣ በነበረበት ደርቆ ይቀራል እንጂ ራሱን አያስነሳም። እንዲነሳ የታዘዘ ከሆነም ያዘዘው ሰው ወይም ማሽኑ ሲደርቅ እንዲያስነሳው የተጫነው መከታተያ ይታወቃል። ዊንዶውስ ላይ «ከርነል ፓወር 41» የሚባለው መዝገብ የሚጻፈው ማሽኑ ሲወድቅ ሳይሆን ተመልሶ ሲነሳ ነው፤ «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት አልተዘጋሁም» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። ከሥሩ የሚገኘው የስህተት ኮድ ዜሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አንዳች ስህተት ሳያይ ኃይል ወይም ፕሮሰሰር ከሥሩ ተነጥቆበታል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህ ዜሮ ሲታይ ፓወር ሰፕላዩን፣ ሜሞሪውንና ሙቀቱን መርምሩ ብሎ ይመክራል። የእኛዎቹ ግን ሎጉ ባዶ መሆኑን አይተው «ብልሽት የለም» ብለው ፈረሙ። ባዶው ሎግ በሃርድዌሩ ላይ የቀረበ ክስ ሆኖ ሳለ የነጻነት ማረጋገጫ አድርጎ ማቅረብ ከስንፍና ውጭ ምን ሊባል ይችላል?

ለመሆኑ የተመረመረው የትኛው ሎግ ነው? ማብራሪያው አይናገርም፤ አለመናገሩም ብዙ ይናገራል። ማንኛውም ደህና ሰርቨር ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተለይቶ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለው፤ በዴል ማሽኖች አይድራክ፣ በኤችፒ ማሽኖች አይሎ እየተባለ የሚጠራው ማለት ነው። ማሽኑ ቢጠፋም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ይህ ቺፕ ነቅቶ ይጠብቃል፤ የፓወር ሰፕላዮቹን ሁኔታ፣ የሜሞሪ ስህተቶችን፣ ሙቀቱንና የማራገቢያዎቹን ፍጥነት በራሱ መዝገብ ያሰፍራል። መጀመሪያ መከፈት ያለበት እርሱ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ይህ መዝገብ ሲከፈት የሚታየው ግን የሚያሳዝን ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ሥራ ለቋል። ሰዓቱ ስላልተስተካከለ እያንዳንዱ መስመር 1970 ላይ የተጻፈ ይመስላል፤ ስለዚህ ትናንት ቀትር ላይ የሆነውን ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚያያይዙት አይታወቅም። ወይም ደግሞ የመጨረሻው መስመር መዝገቡ መሙላቱን የሚገልጽ ሲሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሆነው ሁሉ ሳይጻፍ ቀርቷል። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ አዲስ ነገር አልተገኘም ማለት ምንም አልተፈለገም ከማለት አይለይም።

ወደ መብራቱ እንሂድ። በአገራችን መብራት እንደሚቆራረጥ የሚክድ የለም፤ ለዚህም ነው ሁሉን ነገር በእርሱ ማሳበብ የቀለለው። ነገር ግን በዚያው የሰርቨር መደርደሪያ (ራክ) ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል በሚሰጠው በዚያው ዩፒኤስ ላይ የተሰኩ ሌሎች ማሽኖች አሉ። ጥፋቱ የመብራቱ ወይም የዩፒኤሱ ከሆነ አብረው መውደቅ አለባቸው። ጎረቤቶቹ ሳይነቃነቁ አንዱ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋተኛው ያ አንዱ ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የሁሉንም የመነሻ ሰዓት ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። በዚያ ላይ፣ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ኃይሉ ለአሥራ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢቋረጥበት እንኳ በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ማሽኑን ተሸክሞ እንዲያሻግር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይህን ኃይል የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ያረጁበት ግን ይህን ማድረግ ያቅተዋል። እናም በዚያች አጭር መቋረጥ ጎረቤቱ ቆሞ እርሱ ከወደቀ፣ መብራቱ የደካማውን ሃርድዌር ማንነት አጋለጠ እንጂ ሃርድዌሩን ነጻ አላወጣውም።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ መጫኑን መሥሪያ ቤቱ እንደ ትጋት ቆጥሮታል። እኔ ግን ማብራሪያው ካቀረበው ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ይህ ይመስለኛል፤ ማስረጃነቱ ግን በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ድምዳሜ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ በአዲስ ተተክቶ ማሽኑ እንደ ቀድሞው መውደቁን ከቀጠለ፣ ያልተቀየረው ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛው ፎርማት ከመደረጉ በፊት ይህ ጥያቄ መነሣት ነበረበት።

በዚህ ስህተት የወደቁት የእኛ ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ያለ ምክንያት ፕሮግራም መጣልና ማሽን ማቆም ሲጀምሩ ተጠያቂ የተደረገው በመጀመሪያ ሶፍትዌር ነበር፤ ጨዋታዎች የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ የሚል ስህተት ስለሚያሳዩ ሰዎች የግራፊክስ ድራይቨር ሲቀያይሩ ከረሙ። ቀጥሎ ጣት የተቀሰረው በማዘርቦርድ ሠሪዎች ሴቲንግ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ኢንቴል ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ መሆናቸውን አመነ፤ በነሐሴ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ማስተካከያ አወጣ፣ የዋስትናውን ጊዜም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን ቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አይመልሰውም፤ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው። እነዚህን ፕሮሰሰሮች ሰርቨር ላይ ያዋሉ፣ በተለይም የጨዋታ ሰርቨር የሚያከራዩ ድርጅቶች ጉዳቱን አይተውታል። በእነዚያ ወራት ሶፍትዌር እንደ አዲስ ሲጭን የከረመ ሁሉ ድካሙ ከንቱ ነበር፤ ችግሩ ሲሊከኑ ውስጥ ነበርና።

ሜሞሪም እንዲሁ ነው። በጎግል ማሽኖች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የታወቀ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑ የሜሞሪ ካርዶች ሊታረም የሚችል ስህተት እንዳጋጠማቸው፣ የስህተቱም ዋና ምንጭ አላፊ ክስተት ሳይሆን የካርዱ የራሱ ጉድለት መሆኑን አሳይቷል። ኢሲሲ የሚባል የስህተት ማረሚያ ያለው ሜሞሪ የአንድ ቢት ስህተትን ዝም ብሎ ያርማል፤ ሁለት ቢት ሲበላሽ ግን ማረም ስለማይችል ማሽኑን ያስቆማል ወይም ያስነሳል። ይህ ከመሆኑ በፊት ብዙ ጊዜ የታረሙት ስህተቶች ቁጥር ከፍ እያለ ይመጣል። ያን ቁጥር የሚከታተል ሰው ካርዱን አስቀድሞ ያወጣዋል፤ የማይከታተለው ደግሞ ሜምቴስት የሚባለውን የሜሞሪ መፈተሻ ለአንድ ሰዓት አስኬዶ «አልፏል» ይላል።

አዲስ አበባ ላይ ሆነን ስለ ሙቀት አለማንሣትም አይቻልም። ለሰርቨር አየር ሙቀት የተቀመጠው የ35 ዲግሪ ጣሪያ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው፤ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ መቀነስ እንዳለበት አምራቾቹ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ምክንያቱም ስስ አየር ሙቀትን ይዞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። ኤሲው ከጄኔሬተር ጋር ባልተገናኘበት፣ ማራገቢያው በአቧራ በታፈነበት ክፍል ውስጥ ፓወር ሰፕላይና ካፓሲተር ያለ ዕድሜያቸው ቢያረጁ ሊያስገርመን አይገባም።

በርግጥ ዳግም ማስነሳት የሚያስታግሰው የሃርድዌር ስህተት አለ። የኤኤምዲ ኢፒክ 7002 ፕሮሰሰሮች ከተነሱ ወደ 1044 ቀን ገደማ ሲሞላቸው አንዱ ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) ደርቆ ሊቀር እንደሚችል ኩባንያው ራሱ አስታውቋል፤ ከዚያ በፊት ማስነሳት ያድናል። ነገር ግን ይህ ምክንያቱ ታውቆ፣ ቀኑ ተቆጥሮ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ አንዴ የሚደረግ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ በየሌሊቱ የሚደረገው ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የሌሊቱ ሪስታርት ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የሚደክም ፓወር ሰፕላይ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቷልና ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ አልወድቅም አይልም፤ ሥራ የሚበዛበትና ኃይል የሚሳበው ያኔ ነውና። በሊኑክስ ላይ የታረሙ የሜሞሪ ስህተቶች ቆጣሪ በእያንዳንዱ መነሣት ከዜሮ ስለሚጀምር፣ በየሌሊቱ የሚነሳ ማሽን ለምርመራ የሚያስፈልገውን ማስረጃ በየሌሊቱ ይደመስሳል። ዳታቤዙም በጽሑፍ መሀል በተቋረጠ ቁጥር የመበላሸት አደጋው እንዳለ ይቀጥላል። መደረግ የነበረበት ግን አስቸጋሪ አልነበረም። ፓወር ሰፕላዩን ከጤነኛው ማሽን ጋር ማቀያየርና መውደቁ ማንን ተከትሎ እንደሄደ ማየት፤ ሜሞሪውን በግማሽ በግማሽ እያወጡ መሞከር፤ ያንኑ ዲስክ ሌላ ተመሳሳይ ማሽን ላይ ማስኬድ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርና የተቀየረበትን ሰዓት መጻፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ማብራሪያው በገንዘብም የሚያስጠይቅ ስለሆነ ነው። የሰርቨር ዋስትና ቀን እየቆጠረ ያልቃል። መሥሪያ ቤቱ ነገ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ማዘርቦርዱ ጨርሶ ሲቃጠል ወደ አቅራቢው ቢሄድ፣ አቅራቢው በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም «የሃርድዌር ብልሽት አልተገኘም» የተባለበትን ወረቀት ያወጣለታል። ስለዚህ ያ ማብራሪያ ዛሬውኑ ይሻር፤ የሌሊቱ ፕሮግራም ይቁም፤ የመቆጣጠሪያ ቺፑ መዝገብ ተገልብጦ፣ ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ የብልሽት ጥያቄው ዋስትናው ሳያልፍ በጽሑፍ ለአቅራቢው ይግባ።