ማስተካከያ፦ የነዳጅና የሙቀት ጌጅ አብረው ሲሳሳቱ

ስለ አሮጌው ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አንድ ላይ ከልክ በላይ ካነበቡ ሁለቱም ሴንሰሮች ይቀየሩ ተብሏል። ይህ መታረም አለበት። ሁለት ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ የሚበላሹት ከስንት አንዴ ነው። መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ሁለቱም ጌጆች የሚጋሩት የቮልቴጅ ማረጋጊያ ነው።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለች ትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን ናት። ውስጧ ያለው ስስ ብረት እየሞቀና እየቀዘቀዘ መስመሩን ይቆርጣል፣ መልሶ ያገናኛል፤ በዚህም የባትሪው 12 ቮልት በአማካይ ወደ 10 ይወርዳል። ማሳዋ (ከመኪናው አካል ጋር የምትገናኝበት የኤሌክትሪክ መመለሻ) ከዛገ ወይም ከላላ ግን ብረቱ አይሞቅም፤ ሙሉው ቮልት ያልፍና ሁለቱም ቀስቶች ሽቅብ ይወጣሉ። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ አጥብቁት። መውጫዋን በዲጂታል ቴስተር ስትለኩ ቁጥሩ ቢዘል አትደንግጡ፤ ጤነኛዋም እንዲሁ ናት። የሙከራ አምፖል ብታገናኙባት ብልጭ ድርግም ይላል።

የሙቀቱ ጌጅ ብቻውን ከወጣ ግን በማረጋጊያዋ አታሳብቡ። ሞተሩ በእርግጥ ግሎ ሊሆን ስለሚችል አጥፉት፤ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ውሃ እዩ።